ልጃችሁ «አመመኝ» ሲል አሰልጣኙ ምን ይላል?



ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክረምት ሲገባ በኢንቦክስ የሚደርሰኝ ጥያቄ መልኩን ይቀይራል። ከጉንፋኑና ከቶንሲሉ መሀል «ዶክተር፣ ልጄ ፕሮጀክት ገብቶ ጉልበቱን ያመዋል»፣ «ልጄ ሩጫ ከጀመረች ወዲህ የወር አበባዋ ቀርቷል»፣ «ኮቹ ቀላል ነው፣ ይጫወት ብሏል፤ ይጫወት ወይ?» የሚሉ ይበዛሉ። በእኛ በወሰን በኩል የኳስ ሜዳው እየጠበበ ቢሄድም፣ ከላምበረት እስከ ካራ በተረፈችው ክፍት ቦታ ኮን ደርድሮ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው አይጠፋም። ከላይ ደግሞ የየካና የእንጦጦ ጫካ አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወደዚያ ከሚወጡት ሯጮች መሀል ገና ደብተር የሚይዙ ልጆች አሉ።

ልጆች ስፖርት ይሥሩ አይሥሩ የሚል ክርክር የለኝም። ይሥሩ! ስልክ ላይ ተደፍቶ ከሚውል ልጅ ጭቃ ተለውሶ የሚገባ ልጅ ለእኔ ለሐኪሟ ይሻለኛል። አሰልጣኞቹም ቢሆኑ ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ፣ ኳሱን ከኪሳቸው ገዝተው የሚደክሙ ናቸው። ልጆቻችንን ከሱስና ከመንገድ የያዙልን እነሱ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ለቤት ሠራተኛ ተያዥ እንጠይቃለን። ሰርቪስ ስንይዝ ሹፌሩ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር እናጣራለን። ልጃችንን በሳምንት ሦስት ቀን ለሚወስደው አሰልጣኝ ግን የአባቱን ስም እንኳ ሳናውቅ «ኮች» ብለን፣ አንዳንዴም «እንደ ልጅህ ቅጣው» ብለን እናስረክባለን። ስለ አንድ አሰልጣኝ አንድ ነገር ብቻ እንዳውቅ ቢፈቀድልኝ፣ ስንት ዋንጫ እንዳመጣ አልጠይቅም። ልጅ «ኮች፣ አመመኝ» ሲለው ምን ብሎ እንደሚመልስ ነው የምጠይቀው።

ከጉልበቱ ልጀምር፤ በብዛት የሚመጣው እሱ ነውና። የልጅ አጥንት ጫፉ አካባቢ የሚረዝምበት ለስላሳ ክፍል አለው። ልጁ በሚያድግበት ጊዜ ከጅማትም ከጡንቻም ቀድሞ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ይህ ክፍል ነው። ከ10 እስከ 15 ዓመት፣ ቁመት በሚመዘዝበት ሰሞን፣ ከጉልበት ሎሚ ዝቅ ብሎ ያለው አጥንት ያብጥና ሲነኩት ያማል። ኦስጉድ ሽላተር እንለዋለን። ተረከዝ ላይም ከ8 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ተመሳሳይ ሕመም አለ። ሁለቱም እድገቱ ሲያልቅ የሚያልፉ ናቸው፤ ሕክምናቸውም ዝላይና ሩጫ መቀነስ፣ ከልምምድ በኋላ በረዶ መያዝ፣ የጭንና የባት ጡንቻን ማፍታታት ነው። ጥሩ አሰልጣኝ ይህን የሕክምና ስም ማወቅ አይጠበቅበትም። «እሺ፣ ዛሬ ሩጫው ይቅርብህ፣ ቆመህ ኳስ አቀብል፣ ካልተሻለህ ለእናትህ እነግራታለሁ» ካለ በቂ ነው። «ወንድ አይደለህም? ሮናልዶ እንዲህ ሆነ እንዴ?» የሚለው ግን ጉልበቱን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

እዚህ ላይ ወላጆች የምትይዙት ነገር፦ የሚያነክስ ልጅ አይጫወትም፤ ይመርመር። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ያበጠ መገጣጠሚያ ካለም እንደዚሁ፣ አትጠብቁ። ደግሞ «ጉልበቴን» የሚል ልጅ ችግሩ ዳሌው ላይ ሊሆን ይችላል። በተለይ ከ10 እስከ 16 ዓመት ባለው ዕድሜ የጭን አጥንት አናት ከቦታው የሚንሸራተትበት በሽታ አለ፤ በጊዜ ካልተያዘ ለዘለቄታው አንካሳ ሊያደርግ ይችላል። የጉልበቱ ራጅ «ምንም የለውም» ተብሎ አሁንም የሚያነክስ ልጅ ካላችሁ፣ ዳሌውም እንዲታይ ጠይቁ።

ጭንቅላት ሌላ ጉዳይ ነው። ሜዳችን ላይ የተለመደውን ታውቁታላችሁ። ሁለት ልጆች በቴስታ ይጋጫሉ ወይም በረኛው ከቋሚው ጋር ይላተማል። ልጁ ይወድቃል፣ ውኃ ይደፋበታል፣ «ይሄ ስንት ጣት ነው?» ይባላል፣ ይጨበጨብለትና ይገባል። አይገባም! ጭንቅላቱን ተመትቶ ግራ የተጋባ፣ ያዞረው፣ ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው ወይም ለአፍታም ቢሆን ራሱን የሳተ ልጅ በዚያን ቀን አይመለስም። «አሁን ተሻለኝ» ቢል፣ ቢያለቅስም፣ የፍጻሜ ጨዋታም ቢሆን። የተናወጠ አንጎል ሳያገግም ሁለተኛ ምት ሲደርስበት በደቂቃዎች ውስጥ በኃይል ሊያብጥ ይችላል። በጥር 2011 እ.ኤ.አ. ሰሜን አየርላንድ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ተማሪ በትምህርት ቤት የራግቢ ጨዋታ ላይ በተደጋጋሚ ጭንቅላቱን ተመትቶ መጫወቱን ቀጠለ፤ ሕይወቱም በዚሁ ምክንያት አለፈ። ዳር ቆመው ያዩት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ ያስወጣው አልነበረም። የሚደጋገም ትውከት፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ለመቀስቀስ የሚያስቸግር እንቅልፍ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ደም ወይም ጥርት ያለ ፈሳሽ ከታየ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ለእኛ ሰፈር ምኒልክም ኤካ ኮተቤም ሩቅ አይደሉም።

አጥንት ሲሰበር ደግሞ የሀገራችን የራሱ ችግር አለ። በኳሱ ዓለም የቡድኑን ሐኪም «ወጌሻ» ስለምንለው፣ ብዙ ወላጅ የሜዳውን ወጌሻና የሰፈሩን ወጌሻ አንድ አድርጎ ያያል። የሰፈሩን ወጌሻ ሙያ ልንቅ አልፈልግም፤ አያቶቻችንን ያቆመ ነው። ነገር ግን በሸንበቆና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ የልጅ ክንድ ሲያብጥ መፈናፈኛ ያጣል፤ ደም መተላለፉን ያቆማል፤ እጁ ይሞታል። በሀገራችን ሆስፒታሎች እጃቸው ወይም እግራቸው ከተቆረጠ ልጆች መሀል በዚህ ምክንያት የመጡ ብዙ ናቸው፤ ሲሰበሩ ግን ተራ ስብራት ነበር። ልጁ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከባሰ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ፣ ከደነዘዙ ወይም ማንቀሳቀስ ካቃተው እሰሩን ያኔውኑ ፍቱት፤ ነገን አትጠብቁ፤ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። አሰልጣኙም «እኔ የማውቀው ጎበዝ ወጌሻ አለ» ብሎ ልጃችሁን ሳይነግራችሁ ይዞ እንዳይሄድ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አሁን ወደ ቅጣት። ዘግይቶ የመጣ ልጅ 200 ቁጭ ብድግ፣ ኳስ የሳተ ሜዳውን 20 ዙር፣ የመለሰ ኩርኩም። ወላጁም ዳር ቆሞ «ይበለው!» ይላል። በቅጣት ብዛት የደከመ ጡንቻ ሊፈርስና ኩላሊትን ሊዘጋ እንደሚችል ስንቶቻችን እናውቃለን? ከከባድ ልምምድ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት የልጁ ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረና ጡንቻው ከተቆጣ ድንገተኛ ነው፤ ዛሬውኑ ይታይ። በነሐሴ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ደግሞ ፍልሰታ ነው። ስንት ልጅ ከቅዳሴ መልስ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ ይውላል። በረመዳንም እንዲሁ። አሰልጣኝ የሚጾሙ ልጆቹን ማወቅና የእነሱን ልምምድ ቀለል ማድረግ አለበት፤ ልጁም ለመናገር ማፈር የለበትም። ውኃ መከልከልን እንደ ቅጣት የሚጠቀም አሰልጣኝ ካያችሁ፣ ልጃችሁን ያኔውኑ ይዛችሁ ውጡ።

በነገራችን ላይ ይህ የእኔ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ ልጆችን በሚንከባከቡ ተቋማት ውስጥ ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። በሳምንት ሦስት ቀን ልጃችንን የሚረከብ ፕሮጀክት በእኔ አስተያየት ከዚህ ውጭ ሊሆን አይችልም።

ሴት ልጆች ያሏችሁ ይህን አንቀጽ በደንብ አንብቡት። ሩጫ በጀመረች ልጅ ላይ የወር አበባ ከሦስት ወር በላይ ሲቀር «ሰውነቷ እየተስተካከለ ነው» የሚል አሰልጣኝ አለ። እየተስተካከለ አይደለም። የምትበላው ለምታወጣው ጉልበት አልበቃ ብሎ ሰውነቷ ማጥፋት የሚችለውን እያጠፋ ነው። ከዚያ አጥንት ይሳሳል፤ ያለ አደጋ በሩጫ ብቻ ይሰነጠቃል። (እርግዝናም መጣራት አለበት፤ አትቆጡ፣ ሐኪም ሲጠይቃችሁ ግዴታው ነው።) አሜሪካዊቷ ሜሪ ኬን በ17 ዓመቷ ለዓለም ሻምፒዮና የደረሰች ተአምረኛ ሯጭ ነበረች። በአልቤርቶ ሳላዛር ሥር ስትሠለጥን በየጊዜው ክብደቷን እንድትቀንስ ትገፋ እንደነበር፣ የወር አበባዋ ለሦስት ዓመት ቆሞ አምስት አጥንቶቿ እንደተሰበሩ በ2019 እ.ኤ.አ. ራሷ ለዓለም ተናገረች። ያሠለጠናት ሰው በዘመኑ ዝነኛ ከሚባሉት አሰልጣኞች አንዱ ነበር። ዝና ዋስትና አይሆንም።

የእኛው ታሪክ ደግሞ ሌላ ያስተምራል። የበቆጂው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የስፖርት መምህር ነበሩ። እነ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ በልጅነታቸው በእሳቸው እጅ አልፈዋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቁጠሩት። ቀነኒሳ የመጀመሪያ ማራቶኑን የሮጠው በ31 ዓመቱ ነው፤ ጥሩነሽ በ28 ዓመቷ፤ ደራርቱ ኒውዮርክን ያሸነፈችው በ37 ዓመቷ። እናንተ ግን የ13 ዓመት ልጃችሁን በካራ አስፋልት ላይ፣ ከደሴ መስመር አይሱዙ ጎን፣ 20 ኪሎ ሜትር የሚያስሮጥ ሰው ምን እየቸኮለ እንደሆነ ጠይቁት።

ስለ መቸኮል ካነሳን፣ የዕድሜ ነገር አለ። «14 ነኝ በል» የሚባል የ17 ዓመት ልጅ፣ ወይም በተቃራኒው «አድጓል» ተብሎ ከትልልቆቹ ጋር የሚገባ የ11 ዓመት ልጅ። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ የሚያይበት ምክንያት ይኸው ነው፤ አንጓው ላይ ያለው የእድገት ክፍል ሙሉ ለሙሉ የገጠመ ልጅ ከ17 በታች የመሆን ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው። ብዙ ወላጅ ይህን እንደ ብልጠት ያየዋል፤ «ሁሉም ያደርገዋል» ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ከሜዳው ውጭ ያለው ነው። አሰልጣኙ ለልጁ የሰጠው የመጀመሪያ ምስጢር ይህ ነው። «ይህን ለማንም አትናገር፤ እኔና አንተ ብቻ።» ወላጅ ደግሞ ባርኮታል።

ቅድም «ወደዚህ እመለሳለሁ» ያልኩት ይህን ነው። «አመመኝ» ማለት ውርደት ነው ተብሎ ያደገ ልጅ፣ ምስጢር መጠበቅ ታማኝነት ነው ተብሎ የተማረ ልጅ፣ አንድ ቀን ያልሆነ እጅ ሰውነቱን ሲነካው ለማን ይናገራል? ሕመሙን እንዲውጥ ስናሠለጥነው ከርመን፣ ይህን ብቻ ለይቶ ይነግረናል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። የአሜሪካ ጂምናስቲክ ቡድን ላሪ ናሳር አሰልጣኝ አልነበረም፤ እንደ እኔ ሐኪም ነበር። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ከ150 በላይ ሴቶች ፍርድ ቤት ፊት ያደረሰባቸውን ተናገሩ። አንዳንዶቹን «ሕክምና ነው» እያለ እናታቸው እዚያው ክፍል ውስጥ እያለች ነው የበደላቸው። ከዚያ 20 ዓመት ቀደም ብሎ ለአሰልጣኟ እንደተናገረች በአደባባይ የመሰከረች ሴት አለች፤ ያኔ የተሰጣት መልስ «ተሳስተሽ ተረድተሽው ነው» የሚል ነበር።

በሴት ልጅ ብቻ የሚደርስ አይምሰላችሁ። ወንድ ልጆችም ይጠቃሉ፤ እንዲያውም ከኀፍረት ብዛት የበለጠ ይደብቃሉ። ስለዚህ ግልጽ ወሰን ይኑር። ማሳጅ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የለም። አንድ ልጅ ብቻውን ከአሰልጣኙ ጋር መኪና ውስጥ ወይም ቤቱ አይገባም። «ለሙከራ ክፍለ ሀገር እንሄዳለን» ከተባለ የት እንደሚያድሩ፣ ከማን ጋር እንደሚተኙ፣ ሌላ ወላጅ ማን እንዳለ ሳታውቁ ልጁ አይሄድም። ሴቶች ባሉበት ቡድን አንዲት ሴት ትልቅ ሰው ትኑር። መልእክት ለወላጆች በሚታይ ግሩፕ ይላክ እንጂ ማታ 4 ሰዓት ለልጅቷ በግል አይላክ። ለአንድ ልጅ ብቻ ተለይቶ የሚሰጥ ታኬታ፣ ስልክ፣ ገንዘብ ሲበዛ ጠይቁ። «እሱ እንደ አባቱ ነው» አትበሉኝ። እንደ አባት የሆነ ሰው መጠየቅ አይከፋውም።

አንድ ነገር ከሆነ (አያድርገውና) ልጁን አትቆጡ፤ «ለምን ሄድክ?» አትበሉት። ገላውን አታጥቡት፤ የለበሰውን ልብስ ሳታጥቡ በወረቀት ከረጢት ያዙት። በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት ይሰጣል፤ ለደረሰች ልጅም እርግዝና የሚከላከል። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና የሕግ ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። 72 ሰዓቱ ቢያልፍም ሂዱ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ልጅ በአደራ የተሰጠው ሰው ጥቃት ሲፈጽም ቅጣቱን ያከብዳል። በሽማግሌ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ያስታረቃችሁት ሰው ነገ ሌላ ሰፈር ሄዶ ፊሽካ ይነፋል።

«ታዲያ ኮቹን ምን ብዬ ልጠይቀው? ይቀየመኛል እኮ» የምትሉ አላችሁ። በክብር ጠይቁ። አንድ ቅዳሜ ውኃ ወይም ሙዝ ይዛችሁ ሜዳው ድረስ ሂዱ፤ ቁጭ ብላችሁ ልምምዱን እዩ። ሲጨርስ «ልጃችን አስም አለበት፣ ቢያመው ለማን ትደውላለህ? የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ወስደሃል ወይ? እኛስ ምን እናግዝህ?» በሉት። ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል፤ ለዓመታት ወላጅ ሜዳ ላይ ሳያዩ የሠሩ ናቸው። ደግሞ ከላይ ያልኳቸው ወሰኖች አሰልጣኙንም ከሐሜት ይጠብቁታል፤ ይህን ንገሩት። ሜዳው ላይ ወላጅ እንዳይመጣ የሚከለክል ከሆነ ግን፣ «ልጆቹ ይረበሻሉ» የሚለውን ምክንያት እኔ አልቀበልም።

ልጃችሁን ደግሞ ማታ ሲገባ «አሸነፋችሁ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ የሆነ ቦታ ያመመህ ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሲመልስላችሁ አትሳቁበት፤ «ይሄማ ምን አላት» አትበሉት። መናገርን የሚለማመደው በዚህች ትንሽ ሕመም ላይ ነው።

በመጨረሻ የቡድኑን ቦርሳ በተመለከተ፦ ብዙ ፕሮጀክት ኳስ አለው፣ ማልያ አለው፣ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ ግን የለውም። ወላጆች ተሰብስባችሁ አዋጡ። ጓንት፣ ጎዝ፣ ሰፋ ያለ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ቁስል የሚታጠብበት ንጹሕ ውኃ፣ አስም ላለበት ልጅ የራሱ ፓፍ፣ የሁሉም ወላጅ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907። በረዶውን ከሱቅ አስቀምጡ፤ ሰፈራችን በግሮሰሪ ስም የሚጠራ ስለሆነ ፍሪጅ አይጠፋም። በረዶው በጨርቅ ተጠቅልሎ ለ15 ደቂቃ ያህል ይያዛል፤ ቆዳ ላይ በቀጥታ አይደረግም። ባበጠ ቁርጭምጭሚት ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ማሸትና የሚያሞቅ ቅባት አይደረግም፤ ሁለት ሦስት እርምጃ መራመድ ካቃተው ወይም አጥንቱ ላይ ሲነኩት በጣም ካመመው ራጅ ያስፈልገዋል።